ፖምፓው ታደሰ፤ አይሱዙው ግን ዳገቱን አልወጣም

ሶማሌ ተራ ገብቶ ለአሮጌ አይሱዙ የሚሆን ፖምፓ የሚጠይቅ ሰው መልስ ለማግኘት ብዙ አይደክምም። አዲስ አለ፣ ያገለገለ አለ፣ ከሌላ ሞተር ላይ የወረደ አለ፤ ዋጋውም እንደ ሻጩ ስሜትና እንደ ገዢው ፊት ይለያያል። መኪናው በእርግጥ ፖምፓ ያስፈልገው እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። ገበያው ዕቃ ሊሸጥ እንጂ በሽታ ሊፈልግ አልተቀመጠምና አይፈረድበትም። የሚገርመው በሽታውን ለሚፈልገው ሰው በከተማው ውስጥ ዋጋ ያልወጣለት መሆኑ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአጎቴ መኪና ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማያንስ አይሱዙ ኤንፒአር ሲሆን ከምሥራቅ ጎጃም ጤፍ እየጫነ እህል በረንዳ ያራግፋል። በ2017 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠባይ አመጣ። ደጀንን አልፎ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደውን ዳገት ሲያያዘው ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ሁለት ሦስቴ ይንገጫገጭና ጸጥ ይላል። ሩብ ሰዓት ያህል ሲቆይ ምንም እንዳልነካው ይነሣል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ደግሞ ያው ነው።

መንገዱን የሚያውቁ አንባቢያን ነገሩ የብር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይረዱታል። ከደጋው እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል ዳገት። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይልም የሚመጣው ከሞተሩ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ያን ጊዜ ወደ 40 ኩንታል ጤፍ የጫነው መኪና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያደርገው ረዳቱ ነው። የአጎቴ ረዳት ሃያ ዓመት አልሞላውም።

መጀመሪያ የተወሰደበት ጋራዥ ሞተሩን ግቢ ውስጥ አስነሥቶ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ ፍርዱን ሰጠ፤ ፖምፓ ነው። ፖምፓው ወረደ፣ የውስጥ ክፍሎቹ ተቀየሩ፣ ተለክቶ ተመለሰ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ካለፈ ወዲህ እንዲህ ያለው ዕቃ ምን ያህል እንደሚያም ባለመኪኖች ያውቁታል። በሚቀጥለው ምልልስ መኪናው እዚያው ዳገት ላይ ቆመ። እንግዲያው ኖዝል ነው ተባለ። ኖዝሎቹም ተቀየሩ። መኪናው አሁንም ቆመ።

ቄራ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ የሄድነው ከሁለቱ ወጪዎች በኋላ ነው። መፍቻ አላነሡም። ሾፌሩን አጠገባቸው አስቀምጠው ይጠይቁት ጀመር።

“ሲጠፋ ድርግም ይላል ወይስ እየደከመ ነው?”

“እየደከመ ነው ጋሼ።”

“ባዶውን ሲሄድስ?”

“አንድም ቀን አልጠፋም።”

“ናፍጣ የት ነው የምትቀዳው?”

ሾፌሩ አመነታ። ማደያ ላይ ወረፋ ሲበዛ መንገድ ዳር ከጀሪካን እንደሚገዛ ተናገረ። አጎቴ ይህን የሰማው ያን ዕለት ነው።

ጥያቄዎቹ ተራ ወሬ ይመስላሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው አንድ በር ይዘጋሉ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ካንዴላ የለውም። አየርና ናፍጣ ካገኘ፣ አየሩንም በደንብ ካመቀ ይሠራል። በድንገት ድርግም የሚል ከሆነ ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚያርፈው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጥፊያ ባላቸው ሞተሮች ላይ ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ላይ ነው፤ የላላ ሽቦ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል። እየደከመ የሚጠፋ ግን ናፍጣ እያነሰው ነው። ግቢ ውስጥ ያለ ጭነት የሚዞር ሞተር የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ ጉድለቱ አይታወቅም። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ነው የሚታየው። የመጀመሪያው ጋራዥ ጆሮውን ጣል ያደረገው መኪናው በማይታመምበት ቦታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ፈተና ያስወጣው የአምስት ሊትር ጀሪካንና የሁለት ቱቦዎች ዋጋ ብቻ ነው። መኪናው አሸዋ ተጫነበትና ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣውን ዳገት ተያያዘ። በራሱ ታንክ ሲሄድ ጉልበቱ ከዳው። ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ የያዘው ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ ታሰረ፤ የናፍጣ መሳቢያው ቱቦ ከታንኩ ተፈትቶ ጀሪካኑ ውስጥ ገባ። ትርፉን ናፍጣ የሚመልሰው ቱቦም አብሮ መግባት አለበት፤ አለዚያ ጀሪካኑ ቶሎ ባዶ ይቀራል። አይሱዙው በዚያ ጀሪካን ዳገቱን ሳይንገጫገጭ ወጣ። ያ ሁሉ ብር የወጣበት ፖምፓ ነጻ ወጣ ማለት ነው። በሽታው ከሞተሩ ኋላ፣ በታንኩና በቱቦው መካከል ነበረ።

ታንኩ ሲከፈት ጥፋተኛው ተገኘ፤ የመዳፍ ያህል የፌስታል ቁራጭ። የመንገድ ዳር ናፍጣ ሻጮች ጀሪካኑ እንዳይፈስ ከክዳኑ ሥር ፌስታል ያደርጋሉ። ቁራጩ ከናፍጣው ጋር ገብቶ በታንኩ ውስጥ ሲንሳፈፍ ከርሟል። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ከመሳቢያው አፍ ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቀርና ተላቆ ይሄዳል። የሩብ ሰዓቱ ምሥጢር ይኸው ነበር። መካኒኩ የታንኩን ክዳን መተንፈሻም አዩት። እሱ ሲደፈን ምልክቱ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ሞተሩ ጠፍቶ ክዳኑ ሲከፈት አየር ፉጨት እያሰማ ይገባል።

ፌስታል ባይገኝ ኖሮ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ቱቦው ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቱቦው ደረቅ ነው፣ አያንጠባጥብም፣ ስለዚህ ደህና ነው ይላል። ከታንኩ እስከ ሳቢው ፓምፕ ያለው ቱቦ ግን ናፍጣ የሚሳብበት እንጂ የሚገፋበት አይደለም። ስንጥቅ ካለው ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ ናፍጣ ወደ ውጭ አያፈስም። የቱቦውን አንድ ክፍል ለጊዜው ውስጡ በሚያሳይ ቱቦ ቀይሮ የአየር አረፋ ሲሄድ ማየት ይቻላል።

ፖምፓው ራሱ የሚታመምበት ጊዜ የለም አይባልም። ውስጡ ያለቀ ፖምፓ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ጠዋት ሲቀዘቅዝ በደንብ ይነሣል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን አልነሣም ይላል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በላላው ክፍተትም ያመልጣል። ያን ጊዜ ሶማሌ ተራ መሄድ ግድ ነው።

ወደ ገበያው ልመለስ። ለምሳሌ መኪናው በአንድ ምልልስ 10 ሺህ ብር ያተርፋል እንበል። ሦስት ምልልስ ጋራዥ ከቆመ የፖምፓውና የኖዝሉ ወጪ ሳይታሰብ 30 ሺህ ብር ሄደ። የጀሪካኑ ፈተና የፈጀው ግማሽ ቀን ነው። ታዲያ ለምን ቀድሞ አልተደረገም? ኢኮኖሚክስ ስንማር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይጠቀስልን ነበር፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም የሚል። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ መካኒኩም አያውቅም፤ እንዲያውቅ የሚከፍለውም የለም። ባለመኪናው ለዕቃና ለእጅ ዋጋ ይከፍላል፤ ግማሽ ቀን አይቶ “ደህና ነው” ላለው ሰው ግን “ምን ሠርተህ ነው?” ይላል። መካኒኩም እንጀራውን ከሚቀየረው ዕቃ ላይ ይፈልጋል፤ ከዕቃ ሻጩ ኮሚሽን ይደርሰዋል የሚባለውም ሲጨመርበት ምርመራው ከውዱ ዕቃ ይጀምራል። ጥፋቱን ሁሉ በጋራዡ ላይ መጫን አግባብ አይመስለኝም።

አጎቴ ለአዛውንቱ መካኒክ ሳይከራከር ከፈለ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ተከራከረ። “ፌስታል ለማውጣት ይህን ሁሉ?” አለ። ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ አዛውንቱ ጀሪካናቸውን እያጠቡ መልስ አልሰጡትም። በመጨረሻ የተጠየቀውን ከፈለ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ዓባይ በረሃን ሳይቆም ይወጣል፤ የታንኩ አፍም ወንፊት ገብቶለታል። ከፖምፓው የወጡት አሮጌ ክፍሎች ገና በካርቶን ተጠቅልለው ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር አሉ። አጎቴ ሶማሌ ተራ ገዢ እያፈላለገላቸው ነው።