ትያን ጐብኝቶ ቡታጅራ ማደር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው 90 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በሶዶ ጉራጌ ምድር ከትያ ይደርሳል። በዚህም ሥፍራ 36 ጥንታውያን የቆሙ ድንጋዮች የሚገኙ ሲሆን፥ 32ቱ የጎራዴና የሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። በሥራቸው የተገኙትን መቃብሮች የቁፋሮ ሊቃውንት ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ገምተዋቸዋል። ዩኔስኮም ሥፍራውን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ይሁን እንጂ ትያ ከዋናው ከተማ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚጐበኝ ስለ ሆነ፥ ብዙው እንግዳ ድንጋዮቹን ተመልክቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ራቱን የሚበላውና አልጋ የሚከራየው በዚያው ነው። ስለዚህ ቅርሱ በጉራጌ ምድር ሳለ ገበያው ሌላ ዘንድ ያድራል።

በአየርላንድ የምትገኘው ኪልኬኒ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ናት። እንግዳው ቀን በመካከለኛው ዘመን የታነጹትን ግንቧንና ካቴድራሏን፥ ጠባብ መንገዶቿንም ሲጐበኝ ይውልና፥ ሲመሽ ሙዚቃ ወደሚሰማባቸው መጠጥ ቤቶች ይገባል። ምሽቱ ስለሚያስደስተውም እዚያው ያድራል፤ በማግሥቱም ከሱቆቿ ይገዛል።

ከትያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራም ለእንግዳ የምታቀርበው አላት። ዝቢዳር ተራራ ከአጠገቧ ነው፤ አረ ሸይጣን የተባለው፥ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ሐይቅም አይርቃትም። ለራት ክትፎ ከቆጮና ከአይብ ጋር ሲቀርብ፥ እንግዳውን ወደ አዲስ አበባ የሚያስቸኩለው ነገር አይኖርም። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤም መንገደኛ ምሳ በልቶ የሚያልፍባት ብቻ ሳትሆን የሚያድርባት ልትሆን ይገባል።

የጉራጌ ነጋዴ ለአገሩ ገንዘብ ማዋጣትን አዲስ ነገር አያደርገውም፤ በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የሚነግዱ ተወላጆች ተባብረው ለአገራቸው መንገድ ማሠራት መጀመራቸው የታወቀ ነው። እንግዳ መቀበልንም በየዓመቱ ለመስቀል ከየሥፍራው የሚመለሰውን ወገን በማስተናገድ ተለማምዶታል። ነገር ግን መስቀል በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፥ የትያ ጐብኚ በየወሩ ይመጣል።

ስለዚህ ባለ ሆቴሉ ንጹሕ አልጋና የማይቋረጥ ውሃ ያዘጋጅ፤ የምግቡንም ዋጋ በግልጽ ይለጥፍ። ባለ ሱቁ መብራቱን አብርቶ እስከ ምሽት ይቆይ። በትያ የሚያስጐበኘውም ሰው ስለ ቡታጅራ ምሽት ለእንግዳው ይንገር። የውጭ ምንዛሪ ለሚሻ ነጋዴም፥ ለባዕድ አገር ሰው የተከራየ አልጋ በመርከብ ሳይጫን የተሸጠ የውጭ ንግድ ዕቃ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።