ገብርዬ ለምን አልሸሸም? ከደረስጌ እስከ መቅደላ

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲተረክም ሆነ ሲሸለል ፊታውራሪ ገብርዬ አይቀርም። ለንጉሡ የሞተ፣ የታማኝነት ምልክት። እሺ፣ ግን ያ ሁሉ ሠራዊት ሲበተን እሱና ጥቂቶቹ ብቻ እንዴት ቀሩ?

ነገሩ የሚጀምረው ከእኛው አገር ነው። ከአዲ አርቃይ ቀና ስትሉ ከሚታየው የስሜን ተራራ ጀርባ፣ ጃናሞራ ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም አለች። ያሠሯት የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ውቤን እዚያው አካባቢ ድል አደረጉ፤ በቀናት ውስጥም በዚችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተዋቸው «ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ።

ያኔ ወታደር የሚታመነው ለሚያበላው ጌታ ነበር። ጌታው ቢታሰርም የሰዉ ልብ አብሮ አይማረክም። የውቤ ዘመድ አገው ንጉሤ ስሜንና ትግራይን ይዞ እስከ 1853 ዓ.ም. ለአዲሱ ንጉሥ አልገዛም ብሎ ቆይቷል።

ቴዎድሮስ ችግሩ ገብቷቸዋል። ከየአውራጃው የመጣውን ወታደር አንድ ላይ ቀላቀሉት፤ በዘረፋ ፈንታ ደመወዝ ሊከፍሉት ሞከሩ፤ የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃ እያሉ ሾሙበት። እነዚህን ማዕረጎች ዛሬም እንሰማቸዋለን። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ወንድምህ ያገርህ ልጅ ብቻ ሳይሆን አጠገብህ የቆመው ነው።

ደመወዙ ግን ከየት ይምጣ? የቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ እጃቸውን ሲያነሱ ካህናቱ ተቃወሟቸው። ዓመፅ በየቦታው ሲነሳ ቅጣታቸውም እየከፋ ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ራሷን አዘርፈው አቃጠሏት። ከ60 ሺህ በላይ ይገመት የነበረው ሠራዊት መቅደላ ሲደርስ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ገብርዬ አሮጌ ላይ በእንግሊዝ ጦር ላይ ዘምቶ ወደቀ። ከእኛ ወገን በመቶ የሚቆጠሩ ሲሞቱ ከእንግሊዞቹ የቆሰሉት 20 ገደማ ነበሩ። ሚያዝያ 6፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ የቀሩትን «ራሳችሁን አድኑ» ብለው አሰናበቷቸው። ራስ እንግዳ ግን አልሄደም፤ በሩን ሲጠብቅ ሞተ። አሽከራቸው ወልደ ጋብርም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አብሯቸው ነበር።

እነዚህ ሰዎች መሄድ ሲችሉ ቀሩ። ታማኝነት የምንለው እሱን ነው። የሄደው ሁሉ ግን ከሃዲ አይደለም፤ ከተማው የተቃጠለበት ጎንደሬም በውስጡ አለ። ቴአትሩን ስታዩ ሁለቱንም አስቧቸው።

አያቶቻችሁ ስለ ደረስጌ የሚያወሩት ካለ ጻፉልን።