ያገለገለ የፒንቦል መኪና ዋጋው በምን ይቆረጣል

የፒንቦል መኪና በአራት እግር የቆመ፣ ፊቱ በመስተዋት የተከደነ ሣጥን ነው፤ ሳንቲም ሲጎርስ አንዲት የብረት ኳስ ይለቅቃል፣ ተጫዋቹም በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ ፍሊፐር በሚባሉት ክንዶች ኳሷን እየመለሰ ወደ ጉድጓድ ወርዳ እንዳትቀርበት ይታገላል። ስመ ጥሮቹ ሠሪዎች ጎትሊብ፣ ባሊና ዊልያምስ የቺካጎ ኩባንያዎች መሆናቸውን፣ የኒውዮርኩ ከንቲባ ላጓርዲያም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 ቁማር ነው ብለው አግደውት እስከ 1976 ድረስ በዚያች ከተማ እንደ ውጉዝ መኖሩን ጠቅሼ ልለፍ፤ ይህን አብዛኛው ሰው ሰምቶታል።

የተነሣሁበት ጉዳይ ያገለገለው መኪና ዋጋ ነው። በዚህ ነገር ከሻጭም ከገዥም ወገን ብዙ ሰው ሲሳሳት አያለሁ፤ የስሕተቱም ሁሉ ሥር «ያረጀና ብርቅ የሆነ ነገር ሁሉ ውድ ነው» የሚለው እምነት ነው። አንድ ሰው ከአያቱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ በ1960ዎቹ የተሠራ መኪና አቧራውን አራግፎ ባወጣ ጊዜ፣ የዕድሜውን ብዛት ብቻ ቈጥሮ የአንድ መለስተኛ አውቶሞቢል ዋጋ ይጠራል፤ ገዥ ሲያጣም ገበያውን ይራገማል።

ለዚህ ሰው መልስ የሚሆነው በ1992 ዊልያምስ በባሊ ስም ያወጣው፣ ፓት ሎውለር የነደፈው «ዘ አዳምስ ፋሚሊ» ነው። ይህ መኪና 20,270 ተሠርቷል፤ ከኤሌክትሮኒክስ ዘመን ወዲህ ከተሸጡት መኪናዎች በብዛቱ የታወቀ እርሱ ነው። ነገሩ በብርቅነት ብቻ የሚፈረድ ቢሆን ኖሮ ይህ መኪና ከእኩዮቹ ሁሉ በረከሰ ነበር፤ ነገር ግን ከጥቂት መቶዎች በላይ ካልተሠሩት ከብዙዎቹ ይልቅ ውድ ሆኖ ይኖራል። ምሥጢሩም ሩቅ አይደለም። ብዙ ተሠርቶ በየቡና ቤቱና በየመጫወቻ አዳራሹ ስለ ተተከለ፣ በዚያ ዘመን ወጣት የነበረው ሁሉ፣ ከትንሽ ሣጥን ውስጥ ብቅ ብላ ኳሷን በማግኔት አንሥታ የምትሰወረውን እጅ በዓይኑ አይቷል፤ ያ ወጣት ዛሬ ባለ ደመወዝና ባለ ቤት ሆኖ፣ የያኔውን ደስታ ከሳሎኑ ሊያቆመው ይፈልጋል። እንግዲህ ፍላጎትን የወለደው ያው ብዛቱ ራሱ ነው። በጥቂቱ ተሠርቶ ማንም ሳይጫወትበት ያለፈ መኪና ግን ናፋቂ የለውም፤ ለጾመኛ እንደ ቀረበ ጮማ፣ ምንም ቢያምር እጁን የሚዘረጋለት አይገኝም። በደወልና በሚሽከረከር ቍጥር የሚሠሩት የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ መኪናዎችም፣ በእኔ ዓይን ውበታቸው የላቀ ሳለ፣ የሚያስታውሷቸው ሰዎች ከዓለም እየተለዩ በመሄዳቸው፣ አብዛኞቹ ከ1990ዎቹ ልጆች በታች ይሸጣሉ።

ብርቅነት ኀይል የሚያገኘው ፍላጎት ቀድሞ ካለ ብቻ ነው። በ1997 የወጣው «ሜዲቫል ማድነስ» 4,016 ብቻ ተሠርቶ ሳለ ፈላጊው እጅግ ብዙ ስለ ነበረ፣ ዊልያምስም በ1999 የፒንቦል ሥራውን ፈጽሞ ስለ ዘጋ፣ ዋጋው ዓመት በዓመት ሽቅብ ወጣ። ኋላ ግን ሌላ ኩባንያ ያንኑ መኪና እንደገና ሊሠራው መሆኑ በተሰማ ጊዜ የጥንቶቹ ዋጋ ዝቅ አለ፤ መስተዋታቸው አልተሰነጠቀም፣ ቀለማቸውም አልገረጣም፣ የተለወጠው የገዥው ተስፋ ብቻ ነበር።

ወደ መኪናው አካል ስንመለስ፣ ገዥ ሁሉ በመብራቱ ብልጭታና በድምፁ ይታለላል። እኔ አምፖል የተቃጠለበትን አልነቅፍም፤ አምፖል በሳንቲም ይገዛል። መታየት ያለበት ኳሷ የምትሮጥበት ከኮምፔንሳቶ የተሠራው ሜዳ ነው። መስተዋቱን አስነሥቶ፣ በፍሊፐሮቹ ፊትና ኳሷ ደጋግማ በምትዞርበት ስፍራ ጣትን ማሳለፍ ነው፤ ቀለሙ አልቆ እንጨቱ ከታየ፣ መብራት የሚያሳልፉት ፕላስቲኮችም ከሜዳው ዝቅ ብለው ጠርዛቸው ጣትን ከያዘ፣ ያ መኪና ብዙ ተጫውተውበት ጥቂት ያጸዱት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቈጣኝ ግን የባትሪ ድንጋይ ነገር ነው። በ1990ዎቹ የዊልያምስ መኪናዎች ራስጌ፣ ማለትም ከሜዳው በስተኋላ በቆመው ሣጥን ውስጥ፣ ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ፣ በእጅ ባትሪ ውስጥ እንደሚገባው ያሉ ሦስት ድንጋዮች ተሰክተዋል፤ ሥራቸው መኪናው ሲጠፋ የአሸናፊዎቹን ነጥብ፣ ሰዓቱንና ባለቤቱ ያስተካከለውን ሁሉ እንዲያስታውስ ማድረግ ነው። ባለቤቱ ረስቷቸው ዓመታት ሲያልፉ ድንጋዮቹ ይፈሳሉ፤ ፈሳሹም ወደ ታች እየወረደ የመዳብ መሥመሮቹን ይበላል፣ በስተመጨረሻም አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ይገኛሉ። በቺካጎ አጠገብ አንድ ሻጭ «ትናንት ሲሠራ ነበር» እያለ ሲምልልኝ የራስጌውን በር ከፍተን ያየነው ይህንኑ ነው፤ ሰውዬውም ቤኪንግ ሶዳ ላምጣ ብሎ ሊሮጥ ተነሣ። ቤኪንግ ሶዳ የሚበጀው ለአውቶሞቢል ባትሪ አሲድ ነው እንጂ ለዚህ አይደለም፤ ከእነዚህ ድንጋዮች የሚወጣው የአሲድ ተቃራኒ ስለ ሆነ የሚያበርደው ኮምጣጤ ነው፣ ከዚያም በውኃና በአልኮል ታጥቦ መድረቅ አለበት። በጥቂት ብር የሚለወጥ ድንጋይ በመርሳት የብዙ መቶ ዶላር ሰሌዳ የሚያስበላ ባለቤት ወቀሳ ሲያንሰው ነው። ድንጋዮቹን በሽቦ አርዝሞ ከሰሌዳው አርቆ ማስቀመጥ፣ ወይም ድንጋይ የማይፈልግ ማስታወሻ ቺፕ ማስገባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የሆነው ሆኖ፣ ሰሌዳው የተበላ ሜዳው ግን የጸዳ መኪና ቢቀርብልኝ፣ ሰሌዳው ደኅና ሆኖ ሜዳው ካለቀው ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ። ለታወቁት መኪናዎች ሰሌዳው አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ተፈላጊ ለሆኑት ደግሞ ሜዳው፣ የራስጌው ሥዕልና ፕላስቲኩ ጭምር እንደገና ይታተማል። ፈላጊ ለሌለው መኪና ግን ማንም ሜዳ አያትምም፤ ስለዚህ በአንዱ ላይ ጥቂት ዶላር የሚያስቀንስ ጭረት፣ በሌላው ላይ መኪናውን እንዳለ ለመለዋወጫ የሚያስፈታ ይሆናል። አዲስ ሜዳ የተገኘለትም ቢሆን፣ ከአሮጌው ሥር የተሰቀለውን ሽቦ፣ አምፖልና ማግኔት አንድ በአንድ ፈትቶ ወደ አዲሱ ማዛወር የሳምንታት ሥራ ነውና፣ ገዥ ዋጋ ሲቈርጥ የባለሙያውንም ድካም አብሮ መቍጠር አለበት።