የሩጫ ደስታ ከወዴት እንደሚመጣ

ቦዲቲ በወላይታ አገር፥ ከሐላባ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የተማሪ ቤት ደወል ተደውሎ ልጆች ወደየቤታቸው ሲመለሱ፥ አንዱ «እስከዚያ ዛፍ ማን ይቀድማል?» ያለ እንደ ሆነ፥ ሁሉም ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ይሮጣሉ። ሽልማት የለም፤ ዳኛም የለም። ዳሩ ግን ደስታው ብዙ ነው።

ይህ ደስታ ከማሸነፍ ብቻ ይመጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ፥ 40 ልጆች በሮጡ ጊዜ አንዱ ደስ ብሎት 39ኙ አዝነው በተመለሱ ነበር፤ በማግሥቱም የሚሮጥ ባልተገኘ ነበር። ነገር ግን በማግሥቱ ሁሉም ደግመው ይሮጣሉ።

ይህንኑ በአዲስ አበባ ማየት ይቻላል። ስመ ጥሩው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያቋቋመው ታላቁ ሩጫ በኅዳር ወር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር፥ 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ 10,000 ሰዎች ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ ከ40,000 በላይ ሆኖአል። ከነዚህ እጅግ የሚበዙት እንደማያሸንፉ አስቀድመው ያውቃሉ። ቢሆንም አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፥ እየዘፈኑና እየተጫወቱ ይሄዳሉ፤ የደከመው ይራመዳል፥ ትንፋሹ ሲመለስለት እንደ ገና ይሮጣል።

እንግዲህ ደስታውን የሚያጠፋው መሸነፍ ካልሆነ፥ ምንድር ነው? አንደኛው ችኮላ ነው። ቦዲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ምድር ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። ገና ሲነሣ በሙሉ ኃይሉ የሚፈተለክ ልጅ፥ ሰውነቱ የሚፈልገውን ያህል አየር አያገኝም። ጥቂት እንደ ሄደ ጎኑን ይወጋዋል፤ እግሩም ይከብደዋል፤ ከዚያ በኋላ ሩጫው ቅጣት ይሆንበታል። ከጎኑ ካለው ጋር እየተነጋገረ ለመሮጥ በሚችልበት ልክ የጀመረ ልጅ ግን፥ ኃይሉን ለመጨረሻው ያቈያል፤ ቸኵለው የቀደሙትንም አንድ ባንድ ያልፋቸዋል። ማለፍ ደግሞ ከፊት ሆኖ ከመነሣት ይልቅ ይጣፍጣል።

ሁለተኛው ማዳላት ነው። ምልክቱ ሳይሰጥ የሚነሣ፥ መንገዱን ትቶ በማሳ የሚያቋርጥ፥ የ14 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ከ8 ዓመት ልጅ ጋር የሚወዳደር፥ እነዚህ ሁሉ የሌላውን ልፋት ከንቱ ያደርጋሉ። ልጃገረዶችም ውኃ ቅዱ ተብለው ከቀሩ ውድድሩ ግማሽ ነው። በአርሲ በቆጂ የተወለደችው ደራርቱ ቱሉ ከሜዳ ቀርታ ቢሆን ኖሮ፥ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ከተማ የ10,000 ሜትሩን ሩጫ ማን ባሸነፈ? ከአፍሪቃ ጥቍር ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዪቱ እርስዋ ናት።

በዚያ ቀን ያደረገችው ሌላ ነገር ደግሞ ከወርቁ አያንስም። የመጨረሻውን መስመር ካለፈች በኋላ ቆማ፥ ሁለተኛ የወጣችውን የደቡብ አፍሪቃዋን ኤላና ማየርን ጠበቀቻት፤ እጅ ለእጅም ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ከፊቷ እየመራች ያስጨነቀቻት ማየር ባትኖር፥ ደራርቱም እንደዚያ ባልሮጠች ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የመጨረሻው ልጅ ነገር ነው። እርሱ ገና በመንገድ ሳለ ሕዝቡ ከተበተነ፥ ወይም ሲደርስ ከተሣቀበት፥ በሚመጣው ጊዜ አመመኝ ብሎ ይቀራል፤ ከእርሱም ቀጥሎ ያለው አሁን የመጨረሻ የሚሆነው እኔ ነኝ ብሎ ይሰጋል። እንዲህ እያለ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በደንብ በተሰናዳ ውድድር ዳኛው ሲነሡ የቈጠራቸውን ሲገቡም ይቈጥራቸዋል። 40 ተነሥተው 39 ቢገቡ፥ ሁለቱ ልጆች ገመዱን እንደ ዘረጉ ቆመው ወደ መንገዱ ይመለከታሉ፤ የቀሩትም ውኃቸውን እየጠጡ የሚመጣውን ልጅ በስሙ ይጠሩታል።