የመጀመሪያው ዝናብ ሁሉ የመዝሪያ ዝናብ አይደለም
በምሥራቅ አማራ ቆላማ አካባቢዎች የክረምት አገባብና የዘር ወቅት አወሳሰን

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ

እንደ ራያ ቆቦ፣ ሀብሩ፣ ቃሉና ቀወት ባሉ ወረዳዎች ቆላማ ቀበሌዎች ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጥላል። በልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይባላል። ነገር ግን ከበልጉ መውጫ እስከ ክረምቱ መግቢያ ባለው ጊዜ፣ በተለይም በሰኔ፣ ዝናቡ ይሳሳል። የክረምቱ ዋና ዝናብ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በሰኔ አንድ ሁለት ቀን ጥሎ የሚጠፋ ዝናብ ብዙ ጊዜ አርሶ አደሩን የሚያታልለውም ለዚህ ነው።

የታለለ አርሶ አደር የሚያጣው ዘሩን ብቻ አይደለም። የማዳበሪያው ብድር፣ የበሬው ድካምና የቤተሰቡ ጉልበት አብረው ይሄዳሉ። እርስዎ ደግሞ ሞዴል አርሶ አደር ነዎት። እርስዎ ዘር ሲያወጡ ጎረቤትዎም ያወጣል። ስለዚህ የእርስዎ ውሳኔ የብዙ ቤት ውሳኔ ነው።

2. አሳሳች ዝናብ ዘርን እንዴት ይጎዳል?

ማሽላም ሆነ ጤፍ ለመብቀል የሚፈልገው እርጥበት ጥቂት ነው። የላይኛውን አፈር ብቻ ያራሰ ዝናብ ዘሩን በጥቂት ቀናት ያበቅለዋል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ከአንድ ሳምንት በላይ ከጠፋ፣ የቡቃያው ሥር ገና አጭር ስለሆነ ከታች ውኃ አያገኝም፤ ይደርቃል። ፀሐዩ መሬቱን ሲያደርቅ የላይኛው አፈር ቅርፊት ስለሚሠራ ገና ያልወጣውም ዘር ታፍኖ ይቀራል።

3. ክረምቱ ገብቷል የሚባለው መቼ ነው?

ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

ሀ. በሦስት ተከታታይ ቀናት ውስጥ በድምሩ 20 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ዝናብ መጣል አለበት።
ለ. ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ረጅም የዝናብ መቋረጥ መኖር የለበትም።

የመጀመሪያውን እርስዎ ራስዎ መለካት ይችላሉ። ሁለተኛው ገና ያልመጣ ስለሆነ ሊለካ አይችልም፤ ለእሱ የአየር ትንበያ ያስፈልጋል። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

ዝናብ አለካክ፦ ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነና ታችኛው ጠፍጣፋ የሆነ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ርቆ በገላጣ ቦታ ያስቀምጡ። በየቀኑ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት የውኃውን ከፍታ በማስመሪያ ለክተው ይመዝግቡና ይድፉት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። 20 ሚሊ ሜትር በሩብ ሄክታር መሬት ላይ 50,000 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 2,500 ጀሪካን ነው።

አፈር አፈታተሽ፦ በማሳው ሦስት አራት ቦታ ላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ቆፍረው ከታች ያለውን አፈር ይጭበጡ። ሲለቁት ተያይዞ ከቀረ እርጥበት አለው። ከተበተነ ዝናቡ ላዩን ብቻ ነው የነካው፤ ይታገሱ።

4. ትንበያን እንዴት እንረዳ?

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ የሚሰጠው በሦስት ደረጃ ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች። ለአካባቢዎ «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው» ቢባል ድርቅ መጣ ማለት አይደለም፤ ለድርቁም መዘጋጀት ይገባል ማለት ነው። የወቅቱ ትንበያ የሰብል ዓይነትና ዝርያ ለመምረጥ ይጠቅማል። የመዝሪያውን ቀን ለመወሰን ግን የአሥር ቀኑን ትንበያ ከግብርና ባለሙያዎ ይጠይቁ።

ኤልኒኖ የሚባለው የሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ የሚከሰት ነው። በአገራችን የክረምቱን ዝናብ የመቀነስ ጠባይ አለው። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ተዛብቶ በተከታዩ ዓመት በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ፈልጓል። የኤልኒኖ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ዘር ከመግዛትዎ በፊት ዕቅድዎን ይከልሱ።

5. ዝናቡ ቢዘገይ ምን ይዘራል?

ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩ። በ75 ቀን ገደማ የሚያብብ ማሽላ ሐምሌ 1 ቢዘራ መስከረም 10 ገደማ ያብባል፤ መሬቱ ገና እርጥበት አለው። ሐምሌ 20 ቢዘራ ግን የሚያብበው በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ከወጣ በኋላ ነው። ገለባ ይሆናል፤ ፍሬው ግን አይሞላም።

• በሚያዝያና በግንቦት የተዘራው ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ ከጠፋ፣ ያንኑ ዘር በሐምሌ አይድገሙ።
• እስከ ሐምሌ መጀመሪያ እንደ «መልካም» ያለ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዝርያ ይዝሩ።
• ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ወደ ፈጣን የጤፍ ዝርያ ወይም ወደ ማሾ ይዙሩ።
• በመረሬ መሬት በክረምቱ መውጫ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ይዝሩ።

ለዚህ እንዲመች ዘርዎን በሙሉ በአንድ ቀን አይጨርሱ። ከዘሩ ከፊሉን እንዲሁም የሌላ ፈጣን ሰብል ዘር በጎተራ ያቆዩ።

6. የገባውን ውኃ ማቆየት

በመስመር ይዝሩ፤ ሽልሻሎውን ተዳፋቱን አቋርጠው ያካሂዱ። በመስመሮቹ መካከል ያለውን ቦይ በየተወሰነ ርቀት በአፈር ይዝጉት፤ ውኃው ሳይሮጥ ይሰርጋል። በመረሬ መሬት ግን ውኃ ከተኛ ቦዩን ይክፈቱ። ዩሪያን በደረቅ አፈር ላይ አይበትኑ፤ ከፊሉ ወደ አየር ተንኖ ይጠፋል። ከባድ ዝናብ በሚጠበቅበት ዕለትም አይጨምሩ፤ ጎርፍ ይወስደዋል። አፈሩ ሲርስ ከሥሩ አጠገብ ጨምረው በአፈር ይሸፍኑ።

7. የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፉት ሦስት ዓመታት በቀበሌያችሁ ዘር ስንት ጊዜ ተደገመ? ዝናቡ የተቋረጠው በየትኛው ወር ነበር?
2. በልማት ቡድናችሁ ዝናብ የሚለካውና የሚመዘግበው ማን ይሁን?
3. ዝናቡ እስከ ሐምሌ 15 ባይገባ በየማሳችሁ ምን ትዘራላችሁ? ዘሩስ አሁን በእጃችሁ አለ?

የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ክረምቱ ሳይገባ ከቤተሰብዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። ዝናቡ ከዘገየ በኋላ ዘር ፍለጋ መውጣት ሌላ ሳምንት ያስጠፋል።