ከሥራ ቀሚስ ጋር የሚስማማ ዝቅተኛ ጫማ

ቀኑን ሙሉ ቆመው ከሚውሉት መምህራንና ነርሶች ብዙዎቹ፥ ታኮ የሌለው ጫማ ሁሉ እግርን የሚያሳርፍ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሶሉ እንደ ወረቀት የሳሳ ጫማ የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ለተረከዝ ያስቆጥረዋል፤ ማታም ሲጠዘጥዝ ያድራል። እኛ የምንመርጠው ታኮው ሰፊ ሆኖ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለውን፥ ሲታጠፍም ከመካከሉ ሳይሆን ከጣቶች ሥር የሚታጠፈውን ነው።

እግር ሲውል ስለሚያብጥ፥ ጫማ መግዛት ከቀትር በኋላ ነው። ወይዛዝርት አስቀድመው በወረቀት ላይ ቆመው የሁለቱንም እግራቸውን ዙሪያ በእርሳስ ነድፈው ቢይዙ መልካም ነው፤ ጫማው ከንድፉ የጠበበ እንደ ሆነ፥ ነጋዴው «ሲጫሙት ይሰፋል» ቢልም አይግዙ።

ስለ ውበቱም፥ እስከ ጉልበት ለሚደርስ ቀሚስ ከላይ ክፍት የሆነ ጫማ ቁመትን ያረዝማል፤ በቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ግን ያሳጥራል። ፈረንሳዊቷ ተዋናይት ብሪዢት ባርዶ በ1956 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ለሮዝ ሬፔቶ ያዘዘችው የከተማ ጫማ እንዲህ ያለ ነበር። የሐበሻ ቀሚስ ግን ሌላ ነው፤ በረዥም ታኮ ተለክቶ የተሰፋ እንደ ሆነ፥ ዝቅተኛ ጫማ ሲጫሙ ጥለቱ መሬት ይጠርጋል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ሲለካ፥ ለሥራ የሚሆነውን ጫማ ተጫምተው ይቁሙ።