በቀይ ቀለም የታጠረ ሰፈር

በደቡብ ቺካጎ፣ ኢንግልዉድ በሚባለው ሰፈር፣ ደመወዝ የወጣ ዕለት ብዙ ሰው የሚያመራው ወደ ባንክ ሳይሆን ቼክ ወደሚመነዝረው ሱቅ ነው። ገንዘብ ከፋይዋ ጥይት ከማይበሳው ወፍራም መስታወት ጀርባ ተቀምጣለች። ቼኩ በመስታወቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ ይገባል፤ የአገልግሎት ክፍያ ተቆርጦ ቀሪው በጥሬ ገንዘብ ይመለሳል። ድሃ የላቡን ዋጋ ለመቀበልም ይከፍላል።

ነገሩ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት ባለሙያዎች ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር ካርታ ላይ ቀይ ቀቡት፤ ለብድር አያስተማምንም ሲሉ ነው። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርም ለእንዲህ ያለው ሰፈር የብድር ዋስትና ነፈገ።

ባንክ በሩን ሲዘጋ ደላላ ገባ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አብዛኞቹ የቺካጎ ጥቁር ቤት ገዢዎች የገዙት «በኮንትራት» ነበር። ነጋዴው ቤቱን በርካሽ ይገዛና በአማካይ 84 በመቶ ጨምሮ ይሸጠዋል። ገዢው ቀብድ ይከፍላል፣ ወር በገባ ቁጥር ይከፍላል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ያስጠግናል፤ የቤቱ ባለቤትነት ካርታ ግን ዕዳው እስኪያልቅ በሻጩ ስም ነው። አንድ ወር ካጓደለ ይባረራል፣ የዓመታት ክፍያው ውሃ ይበላዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ለብድር አያስተማምኑም የተባሉት ሰዎች ከማንም በላይ ከፍለዋል።

በ1968 ኖርዝ ላውንዴል በተባለው የቺካጎ ሰፈር በኮንትራት የገዙ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ክፍያ አቆሙ። ፖሊስ የአንዱን ቤተሰብ ዕቃ መንገድ ላይ ሲያወጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሶፋውንም አልጋውንም ተሸክሞ መልሶ ያስገባ ነበር። በመኖሪያ ቤት አድልዎን የከለከለው ሕግም የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ሕጉ ከወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2019 የወጣ ጥናት የኢንግልዉድ ነዋሪ በአማካይ 60 ዓመት ሲኖር፣ በዚያው ከተማ በሐይቁ ዳር ያለው የስትሪተርቪል ነዋሪ 90 ዓመት እንደሚኖር አሳየ። ሠላሳ ዓመት! የልጅ ልጅ ለማየት የሚበቃ ዕድሜ ነው።

በ2016 ሆል ፉድስ የተባለው ትልቅ የምግብ መደብር በኢንግልዉድ 63ኛው ጎዳና ላይ ሲከፈት ሰፈሩ በደስታ ተቀብሎት ነበር፤ በ2022 ተዘጋ። መኪና የሌላት እናት አትክልት ለመግዛት እንደገና አውቶቡስ ጥበቃ ቆመች፤ ስትመለስም ከባዶ ቦታዎች መካከል፣ ቤቱ ፈርሶ ደረጃው ብቻ በቀረበት ደጅ በኩል፣ ፌስታሏን ተሸክማ ታልፋለች።